ስለ ቪክቶሪያ መስቀልና ስለ ብር መታሰቢያው
(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የተነሣነው ስለ አንዲት የብር ሳንቲም ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የኛንም አገር ታሪክ ይነካልና በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1856 በጦር ሜዳ ለታየ ጀግንነት የሚሰጥ፣ በስማቸው የሚጠራ የመስቀል ኒሻን አቋቋሙ። ደንቡ ማዕርግ አይመርጥም፤ ተራ ወታደርና ጄኔራል በአንድ ዐይን ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 150ኛው ዓመት ሲከበር የአገሪቱ ንጉሣዊ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ሁለት ዓይነት ባለ 50 ፔንስ መታሰቢያ አወጣ፤ ለሰብሳቢዎችም በብር ታተመ። በአንደኛው ላይ የኒሻኑ ፊትና ጀርባ፣ በሁለተኛው ላይ የቆሰለ ጓደኛውን የተሸከመ ወታደር ተቀርጿል።

መታሰቢያው ብር ቢሆንም ኒሻኑ ራሱ የመድፍ ነሐስ ነው። ነሐሱ በሴባስቶፖል ከሩሲያ የተማረከ ነው ሲባል ኖሯል፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ብዙዎቹ ከቻይና መድፍ እንደ ተሠሩ አመለከተ። እኛ ሴባስቶፖል ሲባል የምናስበው ሌላ መድፍ ነው፤ በጋፋት ቀልጦ፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ የወጣውን።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ወታደር ጀምስ በርጊንና ከበሮ መቺው ማይክል ማግነር የእሾኹን አጥር ጥሰው ከቀደሙት መካከል ሆነው ገቡ። ሁለቱም ይህን መስቀል ተሸለሙ። በዚያው ዕለት ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን አልሰጥም ብለው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላኩላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሰዉ። የአንዲት ንግሥት መስቀልና ሽጉጥ በአንድ ዐምባ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ይሁንና ፍርዳችን ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል ሌላውንም እንናገር። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በቁሊቶ፣ ከኬንያ የመጣው ሳጅን ናይጄል ሊኪ በጣልያን ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ በውስጡ የነበሩትን መታ፤ ሌላውን ታንክ ሊደግም ሲል ወደቀ። ለእርሱም ከሞተ በኋላ ይኸው መስቀል ተሰጠው።

እንግዲህ አንዱ ኒሻን ዐምባችንን ለሰበረውም፣ ወራሪያችንን ለተዋጋውም ተሰጥቷል። ከዚህ የምንረዳው ኒሻን ስለ ሰው ልብ እንደሚመሰክር፣ ስለ ጦርነቱ ትክክለኛነት ግን እንደማይፈርድ ነው። ያን ፍርድ መስጠት የታሪክ ተማሪ ፈንታ ነው።

ደግሞም ኒሻን የሚሰጠው ስሙ ለተጻፈለት ነው። በርጊንና ማግነር ስማቸው ከነሥራቸው ተመዝግቦ ይገኛል። በአሮጌ ሜዳ የወደቁት የፊታውራሪ ገብርዬ ስም ሲታወስ ይኖራል፤ ከእርሳቸው ጋር የወደቁትን ግን ማን ቈጥሯቸዋል? በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ዘመን በየጫካው ከቀሩት አርበኞችስ የስንቱን ስም እናውቃለን?

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ለክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ደብተር ይዘን የአርበኞችን ልጆችና የልጅ ልጆች እንጠይቅ፤ ስም፣ ቦታ፣ ዘመንና ምስክር እንጻፍ። መምህራኖቻችንም የተጻፈውን መርምረው፣ እውነቱን ከተረቱ እንድንለይ እንዲረዱን እንለምናለን። ብር ማተም ከዐቅማችን በላይ ነው፤ ስም መጻፍ ግን አያቅተንም።