በወንዝ አሸዋ ላይ የሚጥሉ ወፎችና የበጎ ፈቃድ ጠባቂዎቻቸው

(በጂንካ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ወፍ ጎጆ ሲነገር በሰው አሳብ ቶሎ የሚመጣው ዛፍና ቅርንጫፍ፣ ሣርና ጭራሮ ነው። ይሁን እንጂ ከወፎች መካከል ዛፍ የማይሹ፣ ጭራሮም የማይለቅሙ አሉ። እነዚህ ወፎች ወንዝ ሲጎድል ብቅ በሚለው ደለል ወይም በሐይቅ ዳር በተዘረጋው ገላጣ ምድር ላይ አሸዋውን በደረታቸው ጎድጎድ አድርገው እንቁላላቸውን በዚያው ይጥላሉ። የእንቁላሉ መልክ ከአሸዋና ከጠጠር ስለማይለይ አዳኝ አውሬ በቀላሉ አያገኘውም። ሆኖም ከአውሬ ዓይን የሚሰውረው ይኸው መልኩ ከሰው እግርና ከከብት ኮቴ አያድነውም፤ ያልታየ ነገር ይረገጣልና።

ባሕር ባላቸው አገሮች ይህን የተረዱ ሰዎች የመራቢያው ወራት ሲደርስ ያለ ደመወዝ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወጣሉ። በአውስትራሊያ ደቡባዊ ጠረፍ በጎ ፈቃደኞች ጎጆ በተገኘበት ቦታ ገመድ ይወጥራሉ፤ ምልክት ይተክላሉ፤ ለጫጩቶቹ ትንሽ የእንጨት ከለላ ያኖራሉ፤ ውሻ አስከትሎ የሚመጣውንም መንገደኛ በትሕትና ያስረዳሉ። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም። ነገር ግን የአሸዋ ዳርቻ አላት፤ ባሮ አለ፣ ጨው ባሕር አለ፤ ለጂንካ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው የኦሞ ወንዝና ኦሞ የሚገባበት የቱርካና ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ አለ።

ስለነዚህ ወፎች ጠባይ ከተጻፉት ታላላቅ ጥናቶች አንዱ የተሠራው በኢትዮጵያ ምድር ነው። አሜሪካዊው የአእዋፍ ሊቅ ቶማስ ሃወል እ.ኤ.አ. በ1977 ጋምቤላ አጠገብ በባሮ ወንዝ የአሸዋ ደሴቶች የግብፅ ፕሎቨር የሚባለውን ወፍ መረመረ። ይህ ወፍ ከአዞ ጥርስ መካከል ሥጋ ይለቅማል እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ሲተረትለት የኖረ ነው። ሃወል ያየው ግን ከተረቱ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ወፉ እንቁላሉን በአሸዋ ይቀብራል፤ ቀኑ ሲግል ወደ ወንዙ ወርዶ የሆዱን ላባ በውኃ ነክሮ ይመለስና አሸዋውን ያረጥባል። እንቁላሉ ከተፈለፈለም በኋላ አደጋ ሲመጣ ጫጩቱን አሸዋ ያለብሰዋል።

ከዚህ ጥናት መሐንዲስ የሚወስደው ትምህርት አለ። የወፉ ሕይወት የተመሠረተው በውኃና በእንቁላል መካከል ባለው ልክ ላይ ነው። ውኃው እጅግ ከራቀ አሸዋው ይነድዳል፤ ውኃው ጥቂት ከፍ ካለ እንቁላሉ ይሰጥማል። ስለዚህ አሸዋ ላይ የሚጥልን ወፍ መጠበቅ ማለት ከብትና ሰው እንዳይረግጠው መከላከል ብቻ ሳይሆን የውኃውን ከፍታ መጠበቅ ጭምር ነው።

ኦሞ ይህን ልክ በራሱ ጊዜ ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረ ወንዝ ነበር። በደጋው ክረምት ሲበረታ በነሐሴና በመስከረም ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ እየጎደለ በጥርና በየካቲት እጅግ ዝቅ ይላል። ሙርሲው፣ ካሮው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ ውኃው በሸሸበት እርጥብ ደለል ማሽላ ሲዘራ፣ አሸዋ ላይ የሚጥሉ ወፎችም የሚጠብቁት ይህንኑ የመጉደል ወራት ነው። ቀዩ ንብ በል ወፍ ደግሞ ወንዙ በቆረጠው ቀጥ ያለ የደለል ግድግዳ ውስጥ ጉድጓድ ምሶ ይራባል። ሰውና ወፍ አንድ የቀን መቁጠሪያ ነበራቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ የቀን መቁጠሪያ ዛሬ በአብዛኛው በሰው እጅ ገብቷል። በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ የጀመረውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ 243 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ ዐሥሩ ተርባይኖቹ በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው። ግድብ ለምን ተሠራ ብሎ መሟገት የዚህ ንግግር ዓላማ አይደለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ሙላት በዳሰነች ምድር ቢያንስ 364 ሰዎችን እንደገደለ የሚያስታውስ ሰው ጎርፍን በጭፍን አያሞግስም። ነገር ግን ግድብ በታችኛው ወንዝ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ማወቅ የሙያው ግዴታ ነው።

ለውጡ ሦስት መልክ አለው። አንደኛ፣ የክረምቱ ሙላት ይቀንሳል፤ የበጋው ፍሰት ግን ከተፈጥሮው ከፍ ይላል፤ በመሆኑም በበጋ ብቅ ይል የነበረው አሸዋ ይጠብባል። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከሰዓት ሰዓት ስለሚለዋወጥ የሚለቀቀውም ውኃ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ለሳምንታት ደርቆ መቆየት የሚገባው አሸዋ በአንድ ሌሊት ሊረጥብ ይችላል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ከደጋ የሚወርደው ደለል በሐይቁ ውስጥ ስለሚቀር አሮጌውን አሸዋ የሚተካ አዲስ አሸዋ ያንሳል። በሌላ በኩል በቅርብ ዓመታት የቱርካና ሐይቅ ከፍታ በመጨመሩና ኦሞም በመሙላቱ በዳሰነች ወረዳ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። የዳርቻውን ቦታ የአምናው ካርታ አይነግርም።

ይህን መሰል ችግር በሌላ አገርም መሐንዲሶችን አጋጥሟል። በአሜሪካ በሚዙሪ ወንዝ ላይ ፓይፒንግ ፕሎቨርና ትንሿ ተርን የሚባሉት ወፎች ከግድቦቹ በታች ባለው አሸዋ ይጥላሉ። ግድቦቹን የሚያስተዳድረው የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል በየዓመቱ ጎጆ የሚቆጥሩ ሰዎችን በወንዙ ላይ ያሰማራል። ወፎቹ ዝቅ ባለ አሸዋ ላይ እንዳይጥሉም በመራቢያው መጀመሪያ ውኃውን ከፍ አድርጎ በዚያው ልክ ለማቆየት ይሞክራል። በመሣሪያ አሸዋ እየከመረ ደሴት እስከ መሥራትም ደርሷል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የመጣው ታላቅ ሙላት በአንድ በጋ የፈጠረው አሸዋ መሣሪያው ለዓመታት ከከመረው በለጠ። ትንሿ ተርን ቁጥሯ አገግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት መዝገብ ተሰርዛለች። ከዚህ የምንረዳው፣ የግድቡን በር የሚከፍተው ባለሙያ መልካም ፈቃድ ቢኖረው እንኳ ጎጆው የትና መቼ እንዳለ የሚነግረው ሰው ከሌለ ምንም ሊያደርግ እንደማይችል ነው።

ያ ነጋሪ ከየት ይመጣል? ኢትዮጵያ ለዚህ የራሷ ምሳሌ አላት። በአዲስ ዓለም አቅራቢያ በሚገኘው የበርጋ ረግረግ፣ በዓለም ላይ ቁጥሯ እጅግ የተመናመነ አንዲት ትንሽ ወፍ በክረምት በሣሩ ውስጥ ትራባለች። የአካባቢው ገበሬዎች ተሰባስበው በመራቢያዋ ወራት ከብቶቻቸውን ከሜዳው ለማራቅ ተስማሙ። ወፏን የሚጠብቃት አጥር ሳይሆን የገበሬው ስምምነት ነው።

በኦሞ ዳርም እንዲህ ያለ ዓይን ሞልቷል። ማሽላው ሲያሸት ሕፃናት ማማ ላይ ወጥተው ግሪሳን በወንጭፍ ሲከላከሉ ይውላሉ። የትኛው ወፍ ከየት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚያርፍ ከነዚህ ልጆች ይበልጥ የሚያውቅ ጥቂት ነው። እርግጥ ነው፤ ማሽላውን በግሪሳ የተበላ ሰው ስለ ወፍ ጥበቃ ሲነገረው ቢስቅ አይፈረድበትም። የሸሸ ውኃ እርሻው የቀረበት ሰውም እንዲሁ። ስለዚህ ነገሩ የሚነገረው ሁለቱን ጥቅም በማገናኘት መሆን አለበት። የጊቤ ሦስት ግድብ ሲታቀድ በየዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት ሰው ሠራሽ ጎርፍ የመልቀቅ አሳብ ቀርቦ ነበር። በወቅቱና በልኩ የተለቀቀ ጎርፍ እርሻውን እንደሚያረሰርስ ሁሉ አሸዋውንም ያድሳል። ለወፏ የሚሟገት ለማሽላውም መሟገቱ ነው።

የበጎ ፈቃደኞች ሥራ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የየትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበባት፣ የማጎና የኦሞ ብሔራዊ ፓርኮች ስካውቶች፣ ከሁሉም በላይ በወንዙ ዳር የሚኖሩ አርብቶ አደሮች በአንድ መዝገብ ሊሠሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በዚህ ረገድ የረጅም ዘመን ልምድ አለው። በመዝገቡ የሚጻፈው አራት ነገር ነው፦ ጎጆው የተገኘበት ቀን፣ ቦታው፣ የእንቁላሉ ቁጥር፣ ጎጆው ከውኃው ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል። አራተኛው በተለይ የመሐንዲሱ ነው። በወንዙ ዳር የውኃ ከፍታ መለኪያ ሰሌዳ መትከልና አንባቢውን ማሠልጠን ለዚህ ማኅበር አባላት ከባድ ሥራ አይደለም። ይህ ቁጥር በወቅቱ ለግድቡ አስተዳደር ሲደርስ፣ ልመና ሳይሆን ሊሠራበት የሚችል መረጃ ይሆናል።

ጠባቂው ሊጠነቀቅበት የሚገባም አለ። ወላጁ ከጎጆው ተባሮ ሲቆይ የቆላው ፀሐይ እንቁላሉን በጥቂት ጊዜ ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ጠባቂ አይቶ፣ ለክቶ ቶሎ ይለፍ። ምልክት ሲተከልም ከጎጆው ራቅ ይበል፤ ቁራ ምልክት ማንበብ ይማራልና። ከብት የሚጠጣበት መንገድ የሚዞረውም በትእዛዝ ሳይሆን ከአገር ሽማግሌዎች ጋር በመመካከር ይሁን።

ቀድሞ የኦሞን ውኃ የሚያወጣውና የሚያወርደው የደጋው ዝናብ ብቻ ስለነበረ ስለ ሰጠመ ጎጆ የሚጠየቅ አልነበረም። ዛሬ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ባለሙያ አለ። ለባለሙያው ከአሸዋው ዳር ሆኖ ልኩን የሚነግረው ሰው ማቆም ደግሞ የአንድ ማኅበርና የጥቂት ትጉሃን አቅም የማይበቃው ሥራ አይደለም።