ትንቢትና ስንቅ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ነገር ትንቢት ነው። የሃይማኖት ክርክር ለማንሣት አልመጣንም፤ የማንንም እምነት መንቀፍ ፈቃዳችን አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ተነሥቶ «ቀኑ ደርሷልና ተነሡ» ባለ ጊዜ፥ ቀኑ ሳይደርስ የቀረ እንደ ሆነ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? የሚል ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደ ሄድን ወለቃን እናገኛለን። ሸክላ በመሥራትና ብረት በመቀጥቀጥ የታወቁት ቤተ እስራኤል ይኖሩባት የነበረች መንደር ናት። ዛሬ እነርሱ ሄደዋል። እንዴት ሄዱ? ቢባል ሁላችንም በአውሮፕላን ብለን እንመልሳለን። ነገር ግን ከአውሮፕላኑ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በእግር የተጀመረ ሌላ ጉዞ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1862 ዓ.ም.፥ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፥ አባ ማኅሪ የተባሉ የቤተ እስራኤል መነኵሴ ወደ ኢየሩሳሌም የመመለሻው ጊዜ ደርሷል ብለው ሕዝቡን አስነሡ። ከደምቢያና ከጎንደር ዙሪያ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱንና ማሳውን ትቶ ተከተላቸው። ተስፋቸው እስከ ቀይ ባሕር በእግር ሄደው፥ ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ተከፍሎላቸው እንዲሻገሩ ነበር። ባሕሩን ግን አላዩትም። ትግራይ እንደ ደረሱ፥ በአክሱም አካባቢ፥ ረኃብና በሽታ ጨረሳቸው። ከተረፉት አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ወደ ተዉት አገር ተመለሱ።

እነዚህን ሰዎች ሞኞች ነበሩ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኛ ግን እንዲህ አንልም። ርስት እንዳይኖራቸው የተከለከሉ፥ በእጃቸው ሥራ የሚኖሩበት ጎረቤት ቡዳ እያለ የሚሸሻቸው ሕዝብ ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1860 ጀምሮ ደግሞ እነ ስተርንና ፍላድ የመሳሰሉ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ሃይማኖታቸውን ሊያስለውጡ በመካከላቸው ገብተው ነበር። ባለበት መቆየት የመረረው ሰው «ሂድ» የሚለውን ድምፅ ቢሰማ አያስደንቅም። ትንቢት የሚበረታው ሰው ማሰብ ባቃተው ጊዜ ሳይሆን መውጫ ባጣ ጊዜ ነው።

መውጫ መፈለግ የእነርሱ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዘመን ክርስቲያኑም ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው መጽሐፍ የተነገረለትን፥ ከክፉ ዘመን በኋላ ሰላምና ጥጋብ ያመጣል የተባለውን ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይጠብቅ ነበር። የቋራው ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ያንን ስም የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ትልቅ አሳብ የነበራቸው ንጉሥ መሆናቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን በ1859 ዓ.ም. ይህችን የጎንደርን ከተማ ያስዘረፉትና ያቃጠሉት እርሳቸው ናቸው፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱም የተጠበቀው ሰላም አልመጣም። ትንቢቱን የሚያምን ሰው ግን «እውነተኛው ቴዎድሮስ ገና ነው» ለማለት በሩ ክፍት ነው።

የስምንተኛው ሺህም ነገር እንደዚሁ ነው። ክፉ ነገር ባየን ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» እንላለን። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ስለ ሆነ፥ ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በስምንተኛው ሺህ ውስጥ መኖር ከጀመርን ከ500 ዓመት በላይ ሆኖናል ማለት ነው! ቀን ያልተቈረጠለት ትንቢት ሐሰት ሆኖ ሊገኝ አይችልም፤ ስለዚህም ምንም አላስተማረንም። ቀን የተቈረጠለት ትንቢት ግን ያመነበትን ሰው ስንቁን ያስጥለዋል።

ይህ በአገራችን ብቻ የሆነ አይደለም። አባ ማኅሪ ከመነሣታቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በ1856 እና በ1857 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በደቡብ አፍሪካ የኮሳ ሕዝብ በአንዲት ልጃገረድ ትንቢት ከብቱን አረደ፥ እህሉንም አጠፋ። ሙታን ተነሥተው አዲስ ከብት ያመጣሉ፥ እንግሊዞችም ወደ ባሕር ይጠረጋሉ ተብሎ ነበር። ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው በረኃብ አለቀ፤ መሬቱንም እንግሊዞች ወሰዱት። ይህ የድሮ ነገር ነው የሚል ቢኖር፥ በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጎረቤታችን በኬንያ፥ በሻካሆላ ጫካ፥ ከ400 በላይ አስከሬን ከመቃብር ወጥቷል። እነዚያም ጾማችሁ ስትሞቱ ጌታን ታገኛላችሁ የተባሉ ሰዎች ነበሩ።

«ቤተ እስራኤል በመጨረሻ ኢየሩሳሌም ገብተው የለምን? ትንቢቱ ተፈጸመ እንጂ!» የሚለን ይኖራል። መልካም፤ አገባባቸውን እንመልከት። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በአውሮፕላን ተጓዙ፤ ወደ ሱዳን በተደረገው የእግር ጉዞና በመጠለያዎቹ ግን 4,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ከአዲስ አበባ ተወሰዱ። ለዚህ የመንግሥታት ስምምነት፥ ገንዘብ፥ አብራሪና የስም ዝርዝር አስፈልጓል። ተስፋው የአባ ማኅሪ ተከታዮች ተስፋ ነበር፤ ልዩነቱ ስንቁ ላይ ነው። ተስፋው በኋላ መፈጸሙም በአክሱም መንገድ የቀሩትን ሕፃናት አያስነሣም።

ጓደኞቻችን! እኛ ተማሪዎች ነንና የመማር ዕድል ላላገኘው ወገናችን ዕዳ አለብን። ዛሬ ትንቢት በየእጃችን ባለው ስልክ ይመጣል፤ ጦርነትና ድርቅ በበረታ ቁጥርም ይበዛል። እናቶቻችንና አባቶቻችን «እውነት ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁን፥ በእነርሱ መሳቅ የተማረ ሰው ሥራ አይደለም። ከእነርሱ ጋር ተቀምጠን እንጠይቅ። ቀኑ መቼ ነው? ምልክቱስ ምንድር ነው? ባይሆን ተናጋሪው ምን ይከፍላል? እርሱስ የራሱን በሬ ሸጧል ወይ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ነቢይ ሲያጋጥመን፥ ገበሬው እርሻውን እንዳይተው፥ ተማሪውም ደብተሩን እንዳይጥል መምከር ግዴታችን ነው።

ከሁሉም በላይ ግን መውጫ ያጣ ሕዝብ ነቢይ መፈለጉ አይቀርምና፥ ሰው ባለበት አገር ተከብሮ፥ ርስት ኖሮት፥ ቡዳ ሳይባል የሚኖርበትን መንገድ እንሥራ። የአባ ማኅሪ ተከታዮች ይህን አግኝተው ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ማሳቸውን ባልተዉ ነበር።