ኮሶና የባሕር ስፖንጅ

ከጠላቱ መሸሽ የማይችል ፍጡር ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚጠብቀው በመርዝ ነው። ዛፍ ሥር ሰዶ በቆመበት ይኖራል፤ የባሕር ስፖንጅም እንስሳ ሆኖ ሳለ ዕድሜውን ከአለት ጋር ተጣብቆ ያሳልፋል። በሆድና በደም ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ተሕዋስያንን የሚገድል መድኃኒት በሁለቱም ዘንድ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሰበታ ነዋሪ ቅርቡ ምሳሌ ኮሶ ነው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ባለው በመናገሻ ሱባ ደን፣ ከፍ ባለው ደጋ ይበቅላል። የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ተበጥብጦም ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። የሚያስወጣው ጥሬ ሥጋ ከመብላት የሚመጣውን ረጅሙን ትል ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዛፉን ገልጾታል፤ በ19ኛው መቶ ዘመንም አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይገኝ ነበር። ትሉን የሚያሸንፉት እንደ ኮሶቶክሲን ያሉ ውህዶች ናቸው። ችግሩ ጠጪውንም አለመማራቸው ነው፦ መጠኑ ሲበዛ ያስመልሳል፣ ያዞራል፣ ዓይን ያደበዝዛል፤ ለነፍሰ ጡርም እጅግ አደገኛ ነው። ዛሬ በጤና ጣቢያ በልክ የሚሰጡት ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ኮሶን የተኩት በዚህ የተነሳ ነው፤ መተካታቸውም ተገቢ ነው።

በባሕሩም በኩል ያለው ፈተና ይኸው ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ከጃፓን ኦኪናዋ ስፖንጅ ማንዛሚን ኤ የተባለ ውህድ ተገኘ። መጀመሪያ የሳበው የካንሰር ተመራማሪዎችን ነበር፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ግን ወባ በያዛቸው አይጦች ላይ ሲሞከር፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ መርፌ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ተሕዋስ እንዳይራባ አገደ። ከፊጂ ስፖንጅ የተገኙት ቤንጋማይዶችም በላብራቶሪ ትል ገድለዋል። ወባ የነበሩትን መድኃኒቶች እየተላመደ በመጣበት በአፍሪካ ቀንድ የማንዛሚን ውጤት ትልቅ ተስፋ ነው።

ሆኖም ከስፖንጅ የተገኘ የወባ መድኃኒት እስካሁን ለሕሙማን አልደረሰም። አንድ ስፖንጅ የሚሰጠው ውህድ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከባሕር እየለቀሙ ማምረት ስፖንጁን ያጠፋል። ማንዛሚንን የሚሠራ ባክቴሪያ በስፖንጁ ውስጥ መገኘቱ ይህን ያቃልላል፤ ባክቴሪያው በላብራቶሪ ሊባዛ ይችላልና። የበለጠ የሚከብደው ሌላው ነው፦ ማንዛሚን የሰውን ሴልም ይጎዳል። ስለዚህ ኬሚስቶች የውህዱን አካል እየቀየሩ፣ ተሕዋሱን እየገደለ ሰውን የሚተው ቅርጽ ይፈልጋሉ።