ከፍስክ በኋላ ልክን ስለ መጠበቅ



ዕድሜ ከኀምሳ ሲያልፍ ጡንቻ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሰውነትም የሚሻው ምግብ ያንሳል። እኛ ግን በጕልማስነታችን ልክ እንመገባለንና ሰውነት ይከብዳል፤ ጕልበት ይታመማል፤ የደም ግፊትና የስኳር ደዌም ይቀርባሉ።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙዎች ይቀላሉ። በሚከተለው በዓለ ኀምሳ ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ቅቤውና ጮማው ይደራረብና የወረደው ክብደት ይመለሳል። የከሳ ሰውነት ረኃቡ ይበረታልና፥ ከመክሳት ይልቅ ከስቶ መኖር ይጸናል። ሥርዓቱ መብላትን ፈቀደ እንጂ ከልክ ማለፍን አላዘዘም።

ስለዚህ ሽሮውና ምስሩ በፍስክም ከገበታችን አይራቁ፤ ያጠግባሉ፥ ጡንቻንም ይደግፋሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂና ለአረጋዊ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መንቀሳቀስን ይመክራል። እንግዲህ ከፈረስ መጋላ እስከ ኤረር በር በባጃጅ ሳይሆን በእግራችን ወርደን እንመለስ፤ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ብንሄድ ልኩ ይሞላል። መድኀኒት የሚወስድ ግን ጾም ሳይጀምር ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሕመምተኛን ሥርዓቱ አያስገድድምና።

ጾም ያስተማረንን ልክ በፍስክ እንድንጠብቅ አምላካችን ይርዳን፤ አሜን።