ማንኮራፋትና የሚቆም ትንፋሽ



ዛሬ የምናገረው ስለ ማንኮራፋት ነው። ይህን ገና ስል አንዳንድ እናቶች ወደ ባሎቻችሁ ዘወር ስትሉ አየሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኛም ቤት ለብዙ ዓመት የተሳቀበት ነገር ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እዚህ ለማስተማር የተመደብኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የምነግራችሁ በቤታችን የደረሰውንና ከዚያ በኋላ ጠይቄም አንብቤም ያወቅሁትን ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ቤት ባደረ ቁጥር መምጣቱን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። «አባትህ ገባ መሰለኝ፤ ሌሊቱን መኪናው ዳገት ሲወጣ ሰማሁ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ለመሆኑ ማንኮራፋት ምንድን ነው? ሰው ሲተኛ ጡንቻዎቹ ይላላሉ። የጉሮሮው ጡንቻም አብሮ ይላላል። ምላስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ እንጥልና በዙሪያው ያለው ለስላሳ ሥጋም የአየሩን መንገድ ያጠብበዋል። አየሩ በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ያን ለስላሳ ሥጋ ያርገበግበዋል። ነፋስ የላላ ሸራ ሲያርገበግብ ሰምታችሁ የለም? ድምፁ እንደዚያው ነው። ጉንፋን የያዘው፣ በጣም የደከመው፣ ማታ የጠጣ ሰው ያንኮራፋል። ይህ ብቻውን በሽታ አይባልም።

በቤታችን ያልተሞከረ ነገር አልነበረም። አያቴ ቅቤ አቅልጣ በአፍንጫው ታንጠባጥብለት ነበር። ይህን ግን አታድርጉ። ቅባት በአፍንጫ ገብቶ ወደ ሳንባ ከወረደ ራሱን የቻለ የሳንባ በሽታ ያመጣል። ቀጥሎ ጤና አዳም በሻይ ተፈላለት፤ ሻዩ ጣፈጠው፣ ማንኮራፋቱ ግን እንደነበረ ቀጠለ። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። በመጨረሻ እናቴ አንድ ዘዴ አመጣች። የታናሽ ወንድሜን የጨርቅ ኳስ ወስዳ በአባቴ ካናቴራ ጀርባ ላይ ሰፋችው። በጀርባው ሲንጋለል ኳሱ ይቆረቁረውና ተመልሶ በጎኑ ይተኛል። ወንድሜ አልቅሶ ነበር፤ ነገር ግን ዘዴው ሠራ። ድምፁ በግማሽ ቀነሰ።

ይህ በአጋጣሚ አይደለም። ሰው በጀርባው ሲተኛ ምላሱ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል፤ በጎኑ ሲተኛ መንገዱ ይከፈታል። ስለሆነም በጎን መተኛት ብዙ ሰው የሚረዳ የቤት ውስጥ መላ ነው። ጠላም ሆነ አረቄ ወደ መኝታ ሲቃረቡ መተው ይጠቅማል፤ መጠጥ የጉሮሮውን ጡንቻ ይበልጥ ያላላዋልና። ሲጋራ መተው፣ የጨመረ ክብደት መቀነስም እንዲሁ። አፍንጫው የታፈነ ሰው ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ጨው በጥብጦ አፍንጫውን ቢያጥብ ይቀለዋል። የእንቅልፍ ኪኒን ግን ሐኪም ሳያዝ አይወሰድ። ኪኒኑ ጉሮሮውን ሊያላላው፣ ሰውዬው ሲታፈን እንዳይነቃም ሊያደርገው ይችላል።

እንግዲህ እነዚህን መሞከር ክፉ አይደለም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ሁላችንም ድምፁን ለማጥፋት ስንታገል፣ ድምፁ በሚጠፋበት ጊዜ ምን እንደሚሆን ያዳመጠ ሰው አልነበረም። ከእናቴ በቀር። አንድ ቀን ቡና ስታፈላ «ማንኮራፋቱን ለምጄዋለሁ፤ የምፈራው ዝም ሲል ነው» አለችኝ። እኔም ጨዋታ መስሎኝ አለፍኩት።

በ2015 ዓ.ም. አባቴ ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ፣ በሚሌና በአዋሽ መካከል ባለው ሜዳ በቀትር እንቅልፍ ወሰደው። መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ አሸዋ ውስጥ ገባ። ረዳቱ ጮኾ መሪውን ባይዝለት ኖሮ ተገልብጠው ነበር። ሌሊቱን ስምንት ሰዓት ተኝቶ ያደረ ሰው ነው፤ አልጠጣም፣ ጫትም አልቃመም። ታዲያ ለምን እንቅልፍ ወሰደው?

ነገሩ ይህ ነው። የአንዳንድ ሰው የጉሮሮ መንገድ መጥበብ ብቻ ሳይሆን ጭራሽ ይዘጋል። ደረቱ ለመተንፈስ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል። ልብ ይጨነቃል። ያን ጊዜ አንጎል ሰውዬውን ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል፤ በኃይል አንኮራፍቶ ይተነፍስና መልሶ ይተኛል። ጠዋት አንዱንም አያስታውስም። ሐኪሞች ይህን በሽታ ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል፤ በእንቅልፍ ጊዜ የሚደርስ የትንፋሽ መቋረጥ ማለት ነው። 10 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚቆይ መቋረጥ ይቆጠራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ከደረሰ በሽታው አለ ይባላል፤ ከ30 ከበለጠ ብርቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተኛ ቢባልም በየደቂቃው ሲቀሰቀስ ያደረ ነው። መሪ ላይ ቢያንቀላፋ ምን ይገርማል? ሳይታከም ከቆየ ደግሞ የደም ግፊትን ያባብሳል፤ የልብ በሽታና በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስ ወይም መርጋት ካለባቸው ሰዎች ጋርም ብዙ ጊዜ ይገኛል።

አባቴ ቀደም ብሎ አንድ ክሊኒክ ሄዶ ነበር። የግፊት መድኃኒት ሰጥተው ሸኙት። ስለ እንቅልፉ የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም። ተኝቶ የሚሆነውን በምን ያውቀዋል? ምስክሩ አጠገቡ የተኛው ሰው ነው።

ስለዚህ በሁለተኛው ጊዜ እናቴ አብራው ሄደች። ባዶ እጇንም አልሄደችም። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ልጆች ከወለደች በኋላ ነው። ሦስት ሌሊት ደብተርና እርሳስ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ትንፋሹ ሲቆም ቀስ ብላ መቁጠር ትጀምራለች። አሥር ከደረሰች አንድ ጭረት፣ ሃያ ካለፈች ሁለት ጭረት ታሰምራለች። ከዳር ሰዓቱን ትጽፋለች። ሐኪሙ ያን ደብተር ገልጦ ዝም ብሎ አየው፤ ከዚያም «እርስዎ ነዎት የጻፉት?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ እስከ ዛሬ ይህን ትደጋግመዋለች።

ምርመራው አዲስ አበባ አንድ ሐኪም ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት ተኝቶ ነበር። በጣቱ ላይ የኦክሲጅን መለኪያ፣ በአፍንጫው ሥር የትንፋሽ መለኪያ፣ በደረቱ ዙሪያ ቀበቶ አደረጉለት። ውጤቱ ከ30 በላይ ሆነ። ይኸውም የጨርቅ ኳሱ ድምፁን በግማሽ ከቀነሰ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

ድሮ ለብርቱው በሽታ የነበረው ሕክምና ከጉሮሮ በታች አንገትን በስቶ መተንፈሻ ማበጀት ነበር። በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1980) አውስትራሊያ ሲድኒ ውስጥ ኮሊን ሱሊቫን የሚባል ሐኪም ሌላ መንገድ አገኘ። አየር በሚነፋ ሞተርና በአፍንጫ ላይ በሚደፋ ጭምብል የታማሚውን ጉሮሮ ሌሊቱን ሙሉ በአየር ግፊት ከፍቶ አሳደረ። ዛሬ በየአገሩ የሚሠራበት መሣሪያ ሲፓፕ ይባላል። የእኛ ሰው ስሙን ትቶ «የእንቅልፍ ማሽን» ይለዋል። ለእኛ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም፤ አሜሪካ ያለችው አክስቴ ላከችልን። አባቴ በመጀመሪያው ሳምንት «ይህ የፈረስ ልጓም ነው» ብሎ አውልቆ ይጥለው ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሳያንቀላፋ ገባ። በሽታው ቀለል ያለ ከሆነ ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት ወይም በጥርስ ላይ የሚገባ ማስተካከያ ሊበቃ ይችላል። ያን የሚለየው ግን ምርመራው ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይጸጽተኛል። በብዙ አካባቢያችን ጉሮሮውን የታመመ ልጅ እንጥሉ ይቆረጣል። የሚያንኮራፋ ልጅም እንጥሉ ወርዶ ነው ተብሎ እንዳይወሰድ እፈራለሁ። ልጅ ሌሊት ሌሊት አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋው ብዙውን ጊዜ ቶንሲሉና ከአፍንጫው በስተኋላ ያለው ዕጢ አብጦ ነው። እንጥል መቁረጥ ይህን አይነካውም፤ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል፣ ሕፃን ሊሞትበት ይችላል። ሐኪም ቤት ለአዋቂ በማደንዘዣ የሚደረግ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና አለ፤ እሱም ቢሆን ሁሉንም አያድንም። በምላጭ ከሚደረገው ጋር አንድ አይደለም። ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እናቶችንም አልረሳሁም። ሴትም ይህ በሽታ ይይዛታል፤ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ። ቀጭን ሰውም ይያዛል። ጠዋት ራስ ምታት፣ የአፍ መድረቅ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሳት፣ ቀን በተቀመጡበት ማንቀላፋት ካለ፣ ትንፋሹም ሲቆም ከተሰማ፣ የጨርቅ ኳስ ሰፍቶ ወር መጠበቅ አያስፈልግም። ማንኮራፋት ብቻ ከሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት የቤቱን መላ ሞክሩ። ሞባይል ያለው ድምፁን ይቅረጽ፤ የሌለው በደብተር ያስምር።

መብራት በሚጠፋበት ሌሊት የአባቴ ማሽን አይሠራም። ያን ጊዜ እናቴ ኳስ የተሰፋባትን ካናቴራ ከሣጥን አውጥታ ታለብሰዋለች፤ እርሳሷንም ከራስጌዋ ታስቀምጣለች።