ንስሐን ለቀብር ቀን አናቆየው

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ስብሰባ ስለ ንስሐ ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። በመካከላችን የእስልምና ተከታዮች የሆኑ ጎረቤቶቻችንም አሉ። የምንናገረው በክርስትና ትምህርት መሠረት ቢሆንም፣ የሰው ገንዘብ ስለ መመለስና ከጎረቤት ጋር ስለ መታረቅ የሚነገረው ሁላችንንም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

እንደሚታወቀው እድርተኛ ሞትን በቅርብ ያውቀዋል። ጡሩምባ ሲነፋ ድንኳን እንተክላለን፣ አስከሬን እንሸኛለን፣ ለቀስተኛ እናስተናግዳለን። ታዲያ ይህን ሁሉ እያየን ንስሐ የሽማግሌና የበሽተኛ ጉዳይ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ምን ይባላል? ብዙ ጊዜ የንስሐ አባት የሚጠሩት የታመመው ሰው አንደበቱ ከተያዘ በኋላ ነው። ካህኑስ ይጸልዩለታል፤ ነገር ግን ድንበሩን የገፋበትን ጎረቤት ማን ይካሰው? ሳይመልስ የቀረውን የሰው ገንዘብስ ማን ይናገርለት?

«ፈያታዊ ዘየማን በመጨረሻዋ ሰዓት ገነት ገብቶ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ገብቷል። ነገር ግን ያ ሰው ነገ እመለሳለሁ እያለ ቀጠሮ ሲሰጥ እንደ ኖረ አልተጻፈም። ጌታን በአጠገቡ ባገኘበት በዚያችው ሰዓት ጥፋቱን አምኖ ለመነ። ስለዚህ የእርሱ ታሪክ ተስፋ ለቆረጠ ሰው መጽናኛ ነው እንጂ ለሚያዘገይ ሰው ማመካኛ አይሆንም።

መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ አውራጃ ስለ ንስሐ ሲሰብክ ሕዝቡ ምን እናድርግ ብለው ጠየቁት። መልሱ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ይገኛል። 2 ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፣ ቀራጮች ከታዘዘላቸው በላይ እንዳይወስዱ፣ ወታደሮች በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው። ለሁሉም የመለሰው በየሥራው ነው እኮ! እኛም ዛሬ ብንጠይቀው ለነጋዴው ስለ ሚዛኑ፣ ለቢሮ ሠራተኛው ስለ ጉቦ፣ ለአከራዩ ስለ ተከራዩ፣ ለባለቤቲቱም ስለ ቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ የሚነግረን ይመስለናል።

በኢያሪኮ የነበረው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስም እንዲሁ ነው። ጌታን ለማየት ሾላ ላይ የወጣው ይህ ሰው፣ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ለመስጠት፣ በግፍ የወሰደውንም 4 እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ። ማልቀሱ አልተጻፈም፤ እመልሳለሁ ማለቱ ግን ተጽፏል።

በቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት ንስሐ በመጸጸት ብቻ አያበቃም። ኃጢአትን ለካህን መናዘዝ አለ። ቀኖና መቀበል አለ፤ ይኸውም እንደየሰው ዐቅም ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ነው። ከዚያም ወደ ቅዱስ ቁርባን መቅረብ ይከተላል።

ከዚህ በኋላስ? ከዚህ በኋላ ደቀ መዝሙርነት ነው። ጴጥሮስና እንድርያስ መረባቸውን፣ ማቴዎስም የቀረጥ መቀበያውን ትተው ጌታን ተከተሉ። መከተል ምን እንደ ሆነ የአገራችን የቆሎ ተማሪ ያስረዳናል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ቤት ይወጣል። ከመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። በየቀኑ ይሰማል፣ ይቀጽላል፣ ሲሳሳት ይታረማል። በአንድ ጀምበር ሊቅ የሆነ የለም። ክርስቲያንም እንዲሁ በየቀኑ ከመምህሩ ደጅ መገኘት አለበት።

እንግዲህ ከዓቢይ ጾም መግቢያ 2 ሳምንት ቀድሞ፣ በዕለተ ሰኞ ጾመ ነነዌ ይገባል። ጾሙ 3 ቀን ነው። የነነዌ ሰዎች የዮናስን ቃል በሰሙ ጊዜ የጥፋቱ ቀን እስኪደርስ አልጠበቁም፤ ከንጉሡ ጀምሮ ወዲያው ጾሙ፣ ከክፉ ሥራቸውም ተመለሱ። እኛም ጾሙ ከመግባቱ በፊት 3 ነገር እንድንፈጽም ይሁን። የንስሐ አባት ያለው ይጠይቃቸው፣ የሌለው ይያዝ። የሰው ገንዘብ በእጁ ያለ ይመልስ፤ በአንድ ጊዜ ካልቻለ ቀስ በቀስ ይክፈል። የተጣላም ሽማግሌ ልኮ ይታረቅ።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ግልጹን እንናገር። በአንድ ድንኳን ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው ንፍሮ የሚቆረጥሙ ጎረቤታሞች መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ከሁለቱ አንዱ የሞተ ዕለት ሌላው ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል። በሣጥኑ ላይ ወድቆ ይቅር በለኝ ቢል ግን ሟቹ መልስ አይሰጠውም። ዛሬ በሩን ቢያንኳኳ ግን የሚከፍትለት ሰው አለ። የእድራችን ሽማግሌዎችም ማታም ሆነ ጠዋት ለዕርቅ ቢጠሩ እምቢ እንደማይሉ እናረጋግጣለን።

እግዚአብሔር የንስሐ ዕድሜ ይስጠን፤ እድራችንንም ይባርክልን።