አሮጌ የናፍጣ መኪና ስለ መግዛት

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ደመወዝተኛ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ሲነሣ ይዞት የሚወጣው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የዓመታት ቁጠባ፣ የዕቁብ ዕጣና ከዘመድ የተገኘ ብድር ድምር ነው። ስለዚህ በዚህ ግዢ ላይ የሚደርስ ስሕተት በቀላሉ የሚታረም አይደለም። ጫማው የጠበበው ሰው ጫማውን ይለውጣል፤ ሞተሩ ያለቀ መኪና የገዛ ሰው ግን ለልጆቹ ትምህርት ያሰበውን ገንዘብ ሳይወድ ወደ ጋራዥ ያዞራል።

የገበያው ሁኔታም እንደ ቀድሞው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከፍተኛ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለዚህ ገዢው የሚያገኘው አሮጌ ናፍጣ መኪና ቀድሞ የገባውንና ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረውን ነው። ለአሮጌ ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር መለዋወጫው በሶማሌ ተራ ስለሚፈለግና ጥገናውንም የሚያውቅ መካኒክ ስለማይጠፋ፣ መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወድቃል የሚለው የሌላ አገር ሒሳብ በዚህ ከተማ እምብዛም አይሠራም። ዋጋው የመኪናውን ዕድሜ የማይናገር ከሆነ ዕድሜውን መመርመር የገዢው ፈንታ ይሆናል።

ምርመራው ከየት ይጀምራል ቢባል፣ መልሱ ከናፍጣ ሞተር አሠራር ይገኛል። በጀርመናዊው መሐንዲስ በሩዶልፍ ዲዝል እጅ በ1897 እ.ኤ.አ. ለስኬት የበቃው ይህ ሞተር ነዳጁን በእሳት ብልጭታ አያቀጣጥልም። አየሩን ወደ ሃያኛ እጅ ገደማ አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ ከጭመቃው የሚወለደው ሙቀት ናፍጣውን ያነደዋል። ፒስቶኑና ፋሻው ወይም ባልቦላው ከተበላ ጭመቃው ይደክማል፤ ጭመቃው ሲደክም ሙቀቱ ይጎድላል፤ ይህም ጉድለት ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ባደረበት ማለዳ ነው።

እንግዲህ አንድ ገዢ በአጠና ተራ አካባቢ ለቆመ መኪና በጠዋት ተቀጣጠረ እንበል። ሲደርስ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሞቆ፣ ድምፁም ተስተካክሎ ይጠብቀዋል። ይህ መስተንግዶ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ዋናው ፈተና ገዢው ሳይደርስ አልፏል ማለት ነው። ብልህ ገዢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ መዳፉን ወደ ሞተሩ ያስጠጋል። ሙቀት ከተሰማው ባለቤቱን ሳያስቀይም ተሰናብቶ በሌላ ቀን፣ ሞተሩ ሳይነካ ይመለሳል።

ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሣ ጭሱ መታየት አለበት። ለጥቂት ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነጭ ጭስ በብርድ ማለዳ የሚጠበቅ ነው፤ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ ነጭ ጭስ ግን ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን ያሳያል፤ በዚህ ረገድ አዲስ አበባ የራሷ ጠባይ አላት። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ጉልበት ያጣል። አንዳንዱም ጉልበቱን ለመመለስ ሲል ፓምፑ ናፍጣ እንዲያበዛ ያስፈታዋል። መኪናው ለጊዜው ዳገት ይወጣል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጭሱ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ነዳጁም ያልቃል።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻው መድከሙን ያመለክታል። የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ብቻ ነው፤ በውኃው ላይ ዘይት ቢንሳፈፍ የቴስታታ ነገር ያሠጋል። የዘይቱ መጥቆር በናፍጣ ሞተር ብርቅ አይደለም፤ ወተት መምሰሉ ግን አደጋ ነው። በሃይሉክስ የተለመዱት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጋቸው በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መለወጥ ይገባዋል፤ ቢበጠስ ፒስቶንና ባልቦላ ይጋጫሉ። የተለወጠበት ቀን ካልታወቀ ዛሬ እንደሚለወጥ ተቆጥሮ ወጪው ከዋጋው መቀነስ አለበት። ከዚያም መኪናው ከአየር ጤና ወደ ካራ ቆሬ በሚወስደው የጅማ መንገድ ተነድቶ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና ፍሬኑ ይፈተናሉ።

ብረቱ ተመርምሮ ሲያልቅ ወረቀቱ ይቀራል። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በመኪናው ላይ ከተቀረጹት ጋር በዓይን መመሳከር አለባቸው። ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩ፣ ቀረጡም መከፈሉ ሳይረጋገጥ፣ ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ሳይጸና ቀብድ መስጠት ጠብን በገንዘብ መግዛት ነው።

ደላላው በዚህ መካከል «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ማለቱ አይቀርም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ይህን ሰምቶ የሚቸኩል ሰው ምርመራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። መካኒኩን የሚመርጠውም ራሱ ገዢው እንጂ ደላላው መሆን የለበትም።

በመጨረሻም የዛሬው ገዢ የነገ ሻጭ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። መተኪያው በቀላሉ የማይገባ መኪና በዚሁ ከተማ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ ጭሱም በዚሁ መንገድ በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱ ሕፃናት ላይ ያርፋል። ጉድለቱን ሳይደብቅ የሚሸጥ፣ ጉድለቱንም አውቆ ገዝቶ የሚያስጠግን ሰው የራሱን ቁጠባ ከመጠበቁም በላይ የጎረቤቱን ጤና ይጠብቃል።